ሰማያዊው ፈረስ

«እንዳትስቂ» አለች ቤዛዊት።

«ኧረ አልሳቅኩም!» አለች ዮርዳኖስ አፏን በመዳፏ ይዛ። «ግን ጥርሷ ጥቁር ነው እኮ። ፀጉሯ ደግሞ ነጭ። ወይኔ፣ ፊቷን እዪው!»

ላፕቶፑ ላይ የምትታየው ሴት ፈረስ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ከፈረሱ እግር ሥር ያለው መስክ ቀልቷል፤ ሰማዩ ጠቁሯል። ሴትዮዋም፣ ፈረሱም፣ ከኋላ የተኮለኮለው ሕዝብም አንድ ላይ ብርቱካን ጭማቂ ውስጥ ተነክረው የወጡ ይመስላሉ። እንዲህ ሆኖ የማያስፈራ ሰው የለም። ቤዛዊት ግን አልፈራችም፤ ዐይኗን ሳትነቅል ታያታለች። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ የእናቷን መልክ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

አምሳለ የሞተችው ቤዛዊት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ነው። ልጅቷ ጡቷን ጠብታለች፣ ጀርባዋ ላይ ታዝላ አንቀላፍታለች፤ ግን ምንም አታስታውስም። ፎቶም የለም። የነበሩትን ፎቶዎች አርባዋ በወጣ ማግስት ዘመድ ተመካክሮ ከቤት አወጣቸው። «ልጅቷ እያየች ሆድ እየባሳት አትደግ» ተባለ። ለእሷ ታስቦ መሆኑ ነው። ፎቶዎቹ አዘና አጠገብ ወዳለው የአያቷ ቤት ተወሰዱ፣ ሣጥን ውስጥ ተቀመጡ፣ አንድ ክረምት ጣሪያው አፈሰሰና እርስ በርስ ተጣበቁ። ቤዛዊት አንድ ጊዜ ሄዳ ልታላቅቃቸው ሞክራ ነበር። የወጣላት የአንድ ቀሚስ ጫፍና የማን እንደሆነ ያልታወቀ ጫማ ብቻ ነው።

አባቷን መጠየቅም አያዋጣም። አስማረ ልብስ ሰፊ ነው፤ ጭምት፣ ሥራውን ወዳድ፣ ለልጁ የሚሳሳ ሰው። አራተኛ ክፍል ሳለች አንድ ቀን «እማዬ ምን ትመስል ነበር?» አለችው። «ጥሩ ሰው ነበረች» አለና መቀስ ሊፈልግ ተነስቶ ወጣ። መቀሱ እጁ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠይቃው አታውቅም።

ይህን ምስል ያገኘችላት ዮርዳኖስ ናት። የዮርዳኖስ አያት ጋሼ ይሄነው ዳንግላ ከተማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ፎቶ አንስተዋል። የታጠበውን ፎቶ ለደንበኛው ይሰጡና ቀለሙ ተገልብጦ የሚታይበትን ፊልም፣ ኔጋቲቩን፣ በፖስታ አሽገው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጡታል። አሁን ልጃቸው የፊልም ስካነር ስላመጣላቸው፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ያን ሁሉ ኔጋቲቭ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ያስገባሉ። ቀለሙን ግን አይነኩም። ዐይናቸውን ሞራ ጋርዶት አረንጓዴና ሰማያዊ መለየት ካቆሙ ቆይተዋል። «እኔ አስገባለሁ፤ ቀለሙን የፈለገ ራሱ ያውጣው» ይላሉ። በዚያ ሳምንት ካስገቧቸው ፖስታዎች በአንዱ ላይ በገዛ እጃቸው ጽሕፈት «አምሳለ እንየው፣ ጥር 23 ቀን 98፣ እንጅባራ፣ የፈረሰኞች በዓል። ያዘዘው፦ አስማረ ልብስ ሰፊ» የሚል ነበር። ዮርዳኖስ ይህን ስታነብ የያዘችውን ሻይ ደፍታ ነው ወደ ጓደኛዋ ቤት የሮጠችው። አሁን ሁለቱ ጋሼ ይሄነው ቤት ላፕቶፑ ፊት ተቀምጠዋል።

«እሺ፣ አሁን ገልብጪው» አለች ዮርዳኖስ።

ቤዛዊት ገለበጠችው። ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆነ። ሴትዮዋ ሰው ሰው መሽተት ጀመረች፤ ግን ምስሉ በሙሉ ኩልል ያለ ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ አለ። ሴትዮዋ ዘንገና ሐይቅ ውስጥ ሰጥማ ከታች ቀና ብላ የምታያት መሰላት።

«ፊልሙ ራሱ ብርቱካናማ ስለሆነ ነው» አሉ ጋሼ ይሄነው ከመጋረጃው ወዲያ፣ ሳያዩ። «ሲገለበጥ ሰማያዊ ይሆናል። ጠርዙን ፈልጊ፣ ምንም ያልተነሳበትን። እሱ ጥቁር መሆን አለበት። ጥቁር ይሄ ነው በዪው።»

ቀለም በሚመረጥባት የጠብታ ምልክት የፊልሙን ጠርዝ ነካች። ሰማያዊው እንደ ጉም ሳሳ።

«እኔ ልሞክር፣ እኔ!» ዮርዳኖስ ማውሱን ቀማቻትና ራሱ ያስተካክል ብላ አዘዘችው። ኮምፒውተሩ ጥቂት አሰበ። ምስሉ ውስጥ ያለው መስክ አረንጓዴ ነው፤ ከኋላ የቆሙት ገበሬዎች ቁምጣና ኮት አረንጓዴ ነው፤ የጎጃም ሰው በዓል ላይ ምን እንደሚለብስ ማን ይንገረው? አረንጓዴ በዝቷል ብሎ ቀነሰውና የእንጅባራን ሕዝብ በሙሉ ሮዝ አድርጎ አወጣው። ፈረሱ ሳይቀር ሮዝ ሆነ። ሁለቱ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«ማሽኑ የእኛን አገር አያውቅም» አሉ ጋሼ። «በእጃችሁ ሥሩት። ነጭ መሆኑን የምታውቁትን ነገር ፈልጉና ነጭ ይሄ ነው በሉት። ሌላው ተከትሎ ይመጣል።»

ቤዛዊት አላመነታችም። እናቷ ነጠላ ለብሳለች። ነጠላው ትከሻዋ ላይ፣ ከፀጉሯ ሥር፣ ሰፋ ብሎ ጥሩ ሆኖ ይታያል። እዚያ ላይ ነካች።

ምስሉ ቦግ አለ። ሴትዮዋ ፈካች። ቀይ፣ ልስልስ ያለ ፊት፤ ነጫጭ ጥርስ፤ ጠቆር ያለ ድድ። ሳቋ ሊያመልጣት ሲል የተነሳች ትመስላለች።

«ቀውጢ ናት!» አለች ዮርዳኖስ። «ቤዚ፣ እናትሽ አክትረስ ናት እኮ! እንዲህ ቀይ ነበረች እንዴ?»

ቤዛዊት ምስሉን አጎላችው። አንድን ሰው ሳያውቁት መናፈቅ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ለማንም አስረድታ አታውቅም፤ ሰው የሚናፍቀው የሚያውቀውን ነው። እሷ ግን የማንን ፊት ማሰብ እንዳለባት ሳታውቅ ነበር ስትናፍቅ የኖረችው። አሁን ፊት አገኘች።

ለሦስት ቀን ደስታዋ ወደር አልነበረውም። ፎቶውን ስልኳ ላይ ለጠፈችው። ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ ላላየው አሳየች፣ ያየውም ደግሞ እንዲያይ አደረገች። «እናቴ ናት» ስትል አፏ ላይ የነበረው ጣዕም ሌላ ነው፤ እንዲህ ብላ ጣቷን ወደ አንድ ነገር ጠቁማ አታውቅም ነበር። ሴቶቹ «ስታምር!» አሉ። አንዷ «ታዲያ አንቺ በማን ወጣሽ?» አለች፤ በክፋት አልነበረም። ቤዛዊት ሳቀችና አለፈችው።

በአራተኛው ቀን ከኋላዋ የሚቀመጠው ቢሻው አንገቱን አስግጎ ስልኳን አየ።

«ፈረሱ ምን ሆኖ ነው ሰማያዊ የሆነው?»

«ምን?»

«ፈረሱ ነዋ። ሰማያዊ ፈረስ ደግሞ የት አገር ነው ያለው? ሙድ እየያዝሽብን ነው?»

«አቦ ተወኝ!» ብላ ስልኳን ከተተች። ግን ወደ ቤት ስትሄድ መንገድ ላይ አውጥታ አየችው። ልጁ እውነቱን ነው። የፈረሱ ጎን ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው። ከኋላ የቆሙት ሰዎች ቁምጣም ሰማያዊ ቢጤ ሆኗል። እስከዛሬ እንዴት አላየችውም? የምታየው ሌላ ስለነበር ነዋ።

ዮርዳኖስ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። «ይሄ ያስጨንቃል? ፈረሱን ቆርጠን እናውጣው። ፊቷን ብቻ እናስቀር። በቃ፣ ማን ያውቃል?»

ቆረጡት። ፈረስ የለም፣ ሰው የለም፣ ፊት ብቻ። ያምራል። ቤዛዊት ግን ከዚያ በኋላ የእናቷን ፊት ባየች ቁጥር የሚታያት የተቆረጠው ፈረስ ሆነ። ፈረሱ ሰማያዊ ከሆነ ፊቷስ? አንዱን ማንሸራተቻ ወደ ቀኝ ስትገፋው እናቷ ትቀላለች፤ ወደ ግራ ስትስበው ትጠይማለች፤ ሌላውን ስትነካ ትገረጣለች። ኮምፒውተሩ የፈለገችውን እናት ሊሰጣት ዝግጁ ነው፤ የትኛዋ የእሷ እንደሆነች ግን አያውቅም። እሷም አታውቅም። ይህ ነገር ከምንም በላይ አመማት።

ጋሼ ይሄነው ዘንድ ሄደች።

«ነጭ ብለሽ የነካሽው ነገር ነጭ አልነበረም ማለት ነው» አሏት።

«ነጠላ እኮ ነው ጋሼ! ነጠላ ነጭ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?»

«እሱን እዚያ የነበረ ሰው ጠይቂ።»

«እርስዎ ነበሩ አይደል?»

«እኔማ ያን ቀን ስንቱን አነሳሁ፣ ልጄ። ፈረሰኛው ብቻ ስንትና ስንት ነበር።» መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ ቢጠርጉትም ለውጥ እንደሌለው እያወቁ። «ያዘዘው ሰው አለ። አጠገብሽ ነው ያለው።»

ቤዛዊት ሁለት ቀን አሰበችበት። ፎቶውን አባቷ አላየውም፤ ስልኳን ቤት ስትገባ ትደብቀው ነበር። ብታሳየው ተነስቶ ይወጣ ይሆናል። ወይ ይከፋዋል። ካለ እሱ ማንም የላትም፤ እሱን ማስከፋት ትፈራለች። ባታሳየው ደግሞ ቀይዋ ሴት አለች፤ ቆንጆ ናት፣ ክፍሉ ሁሉ ወዷታል፣ ማንም አይጠይቃትም። ቢሻው እንኳ ረስቶታል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። የዮርዳኖስን ላፕቶፕ በፕላስቲክ ጠቅልላ አባቷ ወደሚሰፋበት በረንዳ ሄደች። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ አስማረ በእግሩ መኪናውን እየረገጠ የአንድ ሰው ቁምጣ ይሰፋል። ደንበኛ የለም። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ ከፈተች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ላሳይህ ነው። ካልፈለግክ እዘጋዋለሁ።»

«ምንድን ነው?»

አዞረችለት። ያልተቆረጠውን ነው ያሳየችው።

የመኪናው ድምፅ ቆመ። አስማረ መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተሰካ እጁን አነሳ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ቤዛዊት የእሱን ፊት ለማየት ስላልደፈረች ክዳኑን ለመዝጋት እጇን አዘጋጅታ ጠበቀች።

«ይሄ ቁምጣ ቀለሙ እንዲህ አይደለም» አለ በመጨረሻ።

«የቱ?»

ጣቱን ጥግ ላይ ወደቆመ አንድ ገበሬ ዘረጋ። «ይሄ። የዚያን ዓመት ለበዓሉ ስንሰፋ ነው የከረምነው። ጨርቁን አውቀዋለሁ፣ ጥሩ አረንጓዴ ነው። ምን አድርገሽ ነው ሰማያዊ ያደረግሽው?»

«እኔም አላወቅኩም። ፈረሱስ?»

«ፈረሱ አምባላይ ነው። ነጭ። የአጎቷ ፈረስ ነው።» ጨርቁን አየ፣ ፈረሱን አየ፣ ልጓሙን አየ። ፊቷን ገና አላየም። ቤዛዊት ገባትና አልቸኮለችም።

«እኔ ነጭ ነው ብዬ የነካሁት እዚህ ጋ ነው» አለች የነጠላውን ትከሻ እያሳየች። «ነጠላዋ ላይ። ነጭ አልነበረም እንዴ?»

አስማረ ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰ ብላ ደነገጠች፤ ቀና ሲል ግን እየሳቀ ነው።

«ቅቤ ነው!» አለ። «ቅቤ ነው እኮ! ጠዋት እናቷ አናቷ ላይ ለጋ ቅቤ አድርገውላት፣ ፀሐዩ ሲመታት ቀልጦ ወረደ። ነጠላዋን ቢጫ አደረገው። አዲስ ነጠላ ነበር፤ ‹ጉድ ሆንኩ› ስትል… እኔ በመሐረቤ እየጠረግኩ፣ ያው ይባስ እያሰፋሁት። ፎቶ አንሺው ደግሞ ‹ዝም ብላችሁ ቁሙ› እያለ ይጮኻል።»

በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ስለ እናቷ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። ቤዛዊት ስለ ማን እየተናገረ እንደሆነ ድንገት ትዝ ብሎት እንዳያቆም ፈራች።

«ተናዳ ነበር?» አለች ቀስ ብላ።

«ስትናደድ ትስቃለች። ሁልጊዜም እንደዚያ ናት።» ያን ጊዜ ፊቷን አየ። ሳቁ ቀስ በቀስ ከከንፈሩ ጠፋ፤ ግን ተነስቶ አልወጣም።

ቤዛዊት ከፀጉሯ የራቀውን የነጠላውን የታች ጫፍ፣ ጥለቱ አጠገብ ያለውን ነጣ ያለ ቦታ ነካች። ፈረሱ ነጭ ሆነ። ቁምጣዎቹ አረንጓዴ ሆኑ፣ መስኩም። የሴትዮዋ ፊት ላይ የነበረው ብርሃን ሰከን አለና ጠየመች። ግን ገና ነው፤ የሆነ ቅላት ቀርቷል።

«አሁንስ? እሷን ትመስላለች?»

«ቀርባለች።»

«ጠይም ናት ወይስ ቀይ ዳማ?»

«በአፍ አይነገርም እሱ…» አስማረ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ ፊቱ ላይ ደንበኛ ከባድ ጨርቅ ሲያመጣለት የሚታየው ዓይነት ነገር ታየ። «ለአንድ ጨርቅ ክር ስንመርጥ ምን እናደርጋለን?»

«ጨርቁ ላይ እናስቀምጠዋለን።»

«እጅሽን አምጪ።»

ቤዛዊት አልገባትም። አስማረ ግራ እጇን አንጓዋ ላይ ይዞ፣ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ፣ ስክሪኑ ጎን፣ ልክ ከእናቷ ጉንጭ አጠገብ አስቀመጠው።

«ክሩ ይሄ ነው» አለ። «አሁን አስተካክዪ።»

በቀኝ እጇ ማንሸራተቻውን ገፋች።

«ጨምሪ። ትንሽ ጨምሪ… አሁን በዛ። ተመለሺ። ቀዩን ቀንሺላት… እንዲያ። በጣም ትንሽ ደግሞ። እዚያ ላይ። እዚያ ላይ ተይው።»

ተወችው። እጇና የእናቷ ጉንጭ አንድ ቀለም ሆኑ። የት ላይ እንዳበቃችና የት ላይ እንደጀመረች እስኪጠፋት አየችው። ይህችኛዋ አምሳለ እንደ ቀይዋ አክትረስ አትመስልም። ግንባሯ ወዝቷል፣ ፀሐይ መትቷታል፣ ሳቋን ይዛ በቅቤው ተናዳለች። ቤዛዊት እንባዋ ወረደ። እንዳትጠርገው አንዱ እጇ ስክሪኑ ላይ፣ ሌላው ማውሱ ላይ ነው፤ እንደወረደ ተወችው። ናፈቀቻት። አሁን የምትናፍቃትን ታውቃታለች፤ ስለዚህ ይብስ ናፈቀቻት።

«ሌላም አለ?» አለ አስማረ።

«ሁለት አለ። ይህን የመረጥኩት ፊቷ ጎልቶ ስለሚታይ ነው። ሌሎቹን አልገለበጥኳቸውም።» አንዱን ከፈተችለት። እንደገና ሁሉም ነገር ብርቱካን ሆነ። እናቷ ፈረሱ ላይ ናት፤ ልጓሙን የያዘ አንድ ቀጭን ወጣት፣ ፀጉሩ ነጭ፣ ጥርሱ ጥቁር፣ አንገቱን ወደ እሷ ቀና አድርጎ አፉን ከፍቶ ይስቃል።

አስማረ ሳይገለበጥ አወቀው።

«ይሄ እኔ ነኝ» አለ። መዳፉን ፊቱ ላይ አሳለፈ። «ይሄን እንኳ ዛሬ አልችል…» ብሎ ቀረ። እጁ ባዶ እንዳይሆን ይመስል ያቆመውን ቁምጣ አነሳ፤ ግን አልሰፋም።

የቤዛዊት ጣት ቁልፉ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ብትጫነው ይገለበጣል። ጠርዙን ታውቃለች፣ የነጠላውን ጫፍ ታውቃለች፣ እጇም አብሯት ነው። አባቷ እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም፤ እናቷ ደግሞ ወደ እሱ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር እያለችው ነው። ምን እንዳለችው ባይሰማም ፊቷ ላይ ይታይ ይሆናል። በጣም ማየት ፈለገች። ባትሪውም ገና አላለቀም።

ጣቷን አነሳች።

«እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቀለሙን አብረን እናወጣዋለን» አለች። «ነገ ካልሆነም የሚቀጥለው እሁድ።»

«እሺ» አለ አስማረ። ድምፁ ቀጥኗል።

ክዳኑን ዘጋችና ላፕቶፑን በፕላስቲኩ ጠቀለለችው። ዝናቡ ስላላባራ ወንበሯን ወደ ግድግዳው፣ ወደ አባቷ አስጠጋች። ጥቂት ጊዜ ሁለቱም መንገዱ ላይ የሚወርደውን ውኃና በውኃው መሐል የሚንገዳገደውን ባጃጅ አዩ። ከዚያ አስማረ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ዐይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣

«በቋንቋዋ፣ በአውንጊ፣ ስትናገር ትፈጥን ነበር» አለ። «ከእህቶቿ ጋር ሲሆኑ እኔ እንኳ ግማሹ ያመልጠኝ ነበር።»